ቀድሞ የደረሰ ጎል

በየወሩ የሚከፈልበትን የቴሌቪዥን ኬብል ያስቆረጥነው እኛው ነን፤ ተቆረጠባቸው ብሎ የሚያወራ ካለ ዋሽቷል። ባለቤቴ ኤልቢዮ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ወይ ኬብሉን ወይ ሥጋውን መተው ነበረብንና ኬብሉን ተውነው። በከተማችን በሮሳሪዮ ሥጋ የማይበላ ሰው ከሞተ አይለይም። ኤልቢዮ በልብስ መስቀያ ሽቦ አንቴና ሠርቶ መስኮቱ ላይ ሰቀለ። ነፃ ነው፣ ከአየር ላይ የሚለቀም!

ችግሩ ጎረቤት ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ሲጫወት የኮሪደሩ ሰው ሁሉ የሚሰበሰበው እኛ ቤት ነበር። ሥጋ የታጨቀበትን ኤምፓናዳዬን ጠብሼ፣ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው!" እያልኩ ስኩራራ ኖሬያለሁ። ታዲያ ያንን ሽቦ በየትኛው ዓይኔ ላሳያቸው? የጨዋታው ዕለት ጠዋት ደጄን ስጠርግ የፊት ለፊቷ ዙሌማ ብቅ አለች።

"ዛሬ በጊዜ ነው የምንመጣው፣ ወንበር ያዢልን።"

"ውይ ዙሌማዬ፣ ኤልቢዮ እኮ ደም ግፊቱ ተነሳበት። ሐኪሙ ኳስ እንዳታይ፣ ጩኸትም እንዳትሰማ ብሎታል።"

"በስመ አብ! ያ በሬ የሚያህል ሰውዬ? በይ አይዞሽ፣ እኛ ቤት እናየዋለን። ትንፍሽ የሚል ካለ ምላሱን ነው የምቆርጠው!"

ኤልቢዮ ሲሰማ ተቆጣ። "ምነው፣ ሞተ ብለሽ አትገላገይም ነበር?" አለኝ። ቢሆንም ሽቦውን ለሰው ማሳየት እሱም ሞቱ ነው።

ጨዋታው ተጀመረ። ምስሉ ሲቆራረጥበት ጊዜ ኤልቢዮ ወንበር ላይ ወጥቶ አንቴናውን በእጁ ይዞ ቆመ። ኮሪደሩ ጭር ብሏል። "ቢገባም አፍህን ያዝ!" እያልኩ ስለምነው ቆየሁ፤ እሱም የአቅሙን ያህል ያዘ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የእኛ ልጅ ኳሷን መረብ ውስጥ ከተታት። ኤልቢዮ "ጎል" የምትለዋን ቃል እንደ ምንም ዋጣት፤ በምትኳ ግን "ወይኔ እናቴ!" ብሎ አጓራ።

በራችን ተበረገደ። ዙሌማ ናት፣ የደም ግፊት መለኪያዋን ታቅፋ፣ ሁለት እህቶቿን አስከትላ።

"ወደቀ? ኧረ አምቡላንስ ጥሩ!"

ያገኙት ወንበር ላይ ቆሞ፣ ሽቦ ጨብጦ፣ በደስታ ሲያለቅስ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ተጫዋቾቹ ተቃቅፈዋል።

"ገባ እንዴ?" አለች ዙሌማ። "መቼ? እኛ ቤት እኮ ኳሱ ገና መሃል ሜዳ ነው…"

ሽቦውን አየች። ከዚያ እኔን አየች። ከአየር የሚመጣው ምስል ከኬብሉ ቀድሞ እንደሚደርስ ያኔ ነው ሁላችንም የገባን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት!

እግሩን ስለሚያመው ባሏ ኔስቶር እዚያው ቤታቸው ቀርቶ ነበር። ከማዶ "ጎ…" ብሎ ሲጀምር ሰማነው። ወዲያው አፉን ያዘ። ለሕመምተኛው አስቦ።