ያልተለካው ቦታ

መምህር ዋቅቶላ ካቺሲ ከተማ ውስጥ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚጥል በሽታ አለበት፤ መድኃኒት ከጀመረ ወዲህ ግን ክፍል ውስጥ ወድቆ አያውቅም። አምቦ የሚገኝ አንድ የጥናት ቡድን በሽታው ያለባቸውን ፈቃደኞች ሲፈልግ፣ እንደ እሱ የታመሙ ጎረቤቶቹን አግባብቶ ያስመዘገበው እሱ ነው። እሱም አዲስ አበባ ተወስዶ የጭንቅላት ምስል በማሽን ተነሣ። ለምስጋናም በቀለም የታተመ የአንጎሉን ሥዕል ሰጡት።

ሥዕሉን ደስ ብሎት ለባልደረቦቹ አሳየ። ብዙም ሳይቆይ ከማስተማር ታገደ።

የቡድኑ የኮምፒዩተር ባለሙያ ለንሳ ይህን የሰማችው፣ እሱ ራሱ አምቦ መጥቶ ሥዕሉን ጠረጴዛዋ ላይ ሲወረውረው ነው።

«ይኼ ጥቁር ምንድን ነው?» አላት። «ርዕሰ መምህሩ በጣቱ እየነካ፣ ‹አንጎልህ እዚህ ጋ ሞቷል፤ ልጆች በአደራ አንሰጥህም› አለኝ። አሁን የመጽሐፍ መጋዘን ጠባቂ ነኝ። ሞቷል ወይ?»

«ኦቦ ዋቅቶላ፣ እስቲ ይቀመጡ» አለችና ፋይሉን ከፈተች።

ፕሮግራሙ ለእያንዳንዱ የአንጎል ክፍል የተመዘገበውን ቁጥር አይቶ ቀለም ይቀባል፤ ከፍ ያለው ቀይ፣ መካከለኛው ቢጫ፣ ዝቅተኛው ሰማያዊ፣ ዜሮው ጥቁር። ፋይሉ ላይ ከዚያ ከጠቆረው ክፍል ፊት ለፊት ግን ቁጥር የሚባል የለም። ማሽኑ ውስጥ እያለ ሳል ይዞት ጭንቅላቱ ስለተንቀሳቀሰ በዚያ በኩል ምስሉ ተበላሽቶ ነበር። ፕሮግራሙ ባዶውን እንደ ዜሮ ቆጥሮ ጥቁር ቀባው።

«አልሞተም» አለችው ፊቷ እየጋለ። «አልተለካም።»

ዋቅቶላ ትክ ብሎ አያት። «ተማሪዬን ሳልፈትን ዜሮ ብሰጠው ምን ትሉኛላችሁ?»

ለንሳ ከመቀመጫዋ ተነሣች። ተያይዘው የቡድኑ መሪ ዘንድ ገቡ። የቀለሙን ሰንጠረዥ ያወጡትም እኚሁ መሪ፣ ዶክተር ገብረአማኑኤል ናቸው።

«ሥዕሉ ማስታወሻ እንጂ የምርመራ ውጤት አይደለም» አሉ ዶክተሩ። «ጀርባው ላይ ተጽፏል።»

«በእንግሊዝኛ ነው ዶክተር፤ ያውም በደቃቅ ፊደል» አለች ለንሳ።

«እሱ ላሳየው ሰው ሁሉ እኔ ልጠየቅ? ደግሞ ይኼ የቀለም ጉዳይ ነው።»

«ቀለሙን የሰጠነው እኛ ነን! ሰውየው እንጀራውን ያጣው በቀለሙ ነው!»

«አሁን ተሳስተናል ብለን ብንጽፍ የሌሎቹንም ሥዕል ማን ያምናል? ሥዕሎቹን የምናቀርብበት የሳይንስ ጉባኤ ደርሷል።»

ዋቅቶላ እስከዚያ በሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ወደ ግድግዳው ሄደና ለጉባኤው ተሰቅሎ የነበረውን የራሱን አንጎል ሥዕል ገንጥሎ አወረደ።

«ምን ማድረግህ ነው?» አሉ ዶክተሩ።

«ጭንቅላቱ የእኔ ነው፤ ከጥናታችሁ አውጡኝ። ከእኔ ጋር የመጡትንም ቤታቸው ድረስ ሄጄ እንዲወጡ እነግራቸዋለሁ። ያኔ የምትቀቡት ታጣላችሁ።»

ዶክተሩ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። በመጨረሻ ጥቁሩ ቦታ ያልተለካ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ቤቱ ጻፉ። «ስሕተት» የሚል ቃል የለበትም፤ «ቴክኒካዊ ማስተካከያ» ይላል። ዋቅቶላ አንብቦ ሳቀ፤ የንዴት ሳቅ ነበር። ቢሆንም ማኅተሙን አስመትቶ ያዘው፤ ሥራው ያስፈልገዋል።

ለንሳ የሁሉንም ሥዕል እንደገና አተመች። ቁጥር የሌለውን ቦታ ግራጫ አደረገችው፤ ከሥሩም በአማርኛ «አልተለካም»፣ በኦሮምኛ «ሂንሰፈረምኔ» ብላ በትልቁ ጻፈች። ዶክተሩ «ያስጠላል» አሉ። አልመለሰችላቸውም።

ዋቅቶላ በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ወደ ክፍሉ ተመለሰ። አንዳንድ ወላጆች ግን ልጆቻቸውን ወደ ሌላ መምህር አዛውረው ነበር፤ ደብዳቤውን ቢያዩም አልመለሷቸውም። ይቅርታ የጠየቀው ማንም የለም። ለንሳ አዲሱን ሥዕል ካቺሲ ድረስ ስትወስድለት ተቀብሎ አየውና መልሶ እጇ ላይ አኖረው።

«ለእኔ ምን ያደርግልኛል?» አላት። «ለርዕሰ መምህሩ ስጪው፤ እሱ ነው ሥዕል ማንበብ የሚወደው።»

ሄዳ ለርዕሰ መምህሩ ሰጠችው፤ ቆማም ከሥሩ የተጻፈውን አስነበበችው።