የመላጫ ሳሙናው ሰውዬ

«ያ ግድግዳ ግን ምን ሆነ?» አሉ አዴር አብዲራሺድ፣ የሻይ ብርጭቋቸውን ምንጣፉ ላይ እያስቀመጡ።

የዳሂር አባት ከተቀበሩ ሁለተኛ ቀናቸው ነው። ድንኳኑ ውስጥ ቁርአን የሚቀሩት ለአፍታ አርፈው ተምር ይዞርላቸዋል። ዳሂር «አዴር»፣ አጎቴ፣ የሚላቸው አብዲራሺድ ከሟቹ ጋር አብረው ያደጉ የባቡር ጡረተኛ ናቸው።

ዳሂር የትኛው ግድግዳ ብሎ አልጠየቀም። ከዚራ ሰፈር ያለው የእሱ የሞባይል መሸጫ ቀድሞ ጸጉር ቤት ነበር። ያኔ አባቱ ዒብራሂም በጎኑ ግድግዳ ላይ የመላጫ ሳሙና ማስታወቂያ ሥለውበታል። ግማሽ ፊቱን አረፋ የተቀባ፣ ምላጩን ጉንጩ ላይ ያሳረፈ ሰውዬ። ሳሙናው ከገበያ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፤ ሰውዬው ግን ፀሐይ እያነጣውም እዚያው ነበር።

«ልስኑን አስፍቄ ሰማያዊ አስቀባሁት» አለ ዳሂር። «አራት ወር ሆነው።»

ያን ቀን አባቱ ከዐስር ሶላት ሲመለሱ መጥተው አይተውት ነበር። ግድግዳውን በጣታቸው ነካ አድርገው፣ ጥሩ ተቀብቷል፣ ቀለሙ ሁለት እጅ ተደርቧል አሉ። ዕድሜ ልካቸውን በማስታወቂያ ሥዕል የኖሩ ሰው ስላመሰገኑለት ዳሂር ላገኘው ሁሉ አወራ። ከዚያ ወዲህ አባቱ በዚያ መንገድ አለማለፋቸውን ልብ ያለው ገና አሁን ነው።

«ሰውዬው ማን እንደሆነ አባትህ ነግሮሃል?»

አልነገሩትም። አብዲራሺድ ዝግ ብለው አወሩት። ሳሙናውን የሚያስመጣው ነጋዴ ከመጽሔት የተቀደደ የፈረንጅ ፎቶ አምጥቶ ይህን ሣልልኝ አለ። ዒብራሂም እጁንም አረፋውንም እንዳለ ገለበጡ፤ ፊቱን ግን የአባታቸውን አደረጉት። አባታቸው መልካ ጀብዱ በምትባል መንደር ሲሞቱ እሳቸው የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ፎቶ የሚባል ነገር አልቀረላቸውም። ነጋዴው መጀመሪያ ተቆጣ፣ ኋላ ደንበኞቹ ሲወዱት ተወው።

«ከአባቱ የሚያስታውሰው ሲላጭ ያየውን ብቻ ነው» አሉ አብዲራሺድ። «ጠዋት በር ላይ ተቀምጦ ሲላጭ። ሌላውን ረስቶታል።»

ዳሂር ወደ እሳቸው ተጠጋ።

«ታዲያ ለምን አልነገረኝም?»

«ያስቀባህ ዕለት ሊነግርህ መጥቶ ነበር። ልጁን ደስ ብሎት አገኘሁት አለኝ።»

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከእህቱ ከሳቢሪን ጋር የስልካቸውን ፎቶ ሁሉ አገላበጡ። አንድ ብቻ ተገኘ፣ ሱቁ የተከፈተ ዕለት የተነሳ። ምላጩን የያዘው እጅ ጥርት ብሎ ይታያል። ፊቱ ባለበት ቦታ ግን ዳሂር ራሱ ቆሞ ይስቃል። ሳቢሪን ሪዝ ነበረው አለች። ዳሂር አልነበረውም አለ፤ ወዲያው እሱም እርግጠኛ እንዳልሆነ ገባው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ ሲያልፍ አንድ ቀን ቆም ብሎ አላየውም።

የመጨረሻው ዱዓ አልቆ ሰው ሲበተን፣ አብዲራሺድ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው በእግራቸው ጫማቸውን ይፈልጉ ጀመር። ዳሂር ተንበረከከ። ተው፣ እችላለሁ አሉት፤ አልሰማቸውም። የእግራቸውን አቧራ በመዳፉ ጠርጎ አንዱን ጫማ አጠለቀላቸው፣ ከዚያ ሌላውን። ሽማግሌው እንዳይወድቁ እጃቸውን አናቱ ላይ አሳረፉ። ዳሂር አጥልቆ ከጨረሰም በኋላ ቶሎ አልተነሳም።