የሙዝ ሽታ

የእህቷን ባል ባየች ቁጥር ደሟ ይፈላል። ሠራተኛው «ጢሞ» የሚለው ይህ ጉረኛ፣ ጊዜው ያለፈበት ፀረ ተባይ የታጨቀበትን አሮጌ መጋዘን ሊያጸዳ ከሌላ ቦታ ተዛውሮ መጥቷል። እሷ ደግሞ የደህንነት ተቆጣጣሪ ናት፤ ጭንብሉ በትክክል ያልገጠመለትን ሰው ወደ ውስጥ አታስገባም። ጢም ባለበት ፊት ላይ ጭንብል አይገጥምም። ይህንን እስኪሰለቻት ነግራዋለች። እሱ ግን ዓይኑን በጨው ያጠበ ሰው ነው፤ ጢሙን እየደባበሰ ይስቅባታል። ያቺ እህቷ ከወንድ ሁሉ መርጣ እንዲህ ያለውን ማግባቷ አንጀቷን ያሳርራታል።

ፈተናው ቀላል ነው። ጭንብል ባጠለቀው ሰው ፊት ሙዝ ሙዝ የሚሸት ፈሳሽ የነካው ጨርቅ ይያዛል፤ ከሸተተው ጭንብሉ አየር ያስገባል ማለት ነው። ሙልጭ ብለው የተላጩት እንኳ አንዳንዴ ይወድቃሉ። ጢሞ ግን በየሄደበት መጋዘን አልፏል አሉ።

«ምን ሸተተህ?»

«ምንም።»

ጉንጩ ላይ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይታያል።

«ጢሜ ነው የሚያጣራልኝ፣ እመቤቴ» አለና ሠራተኞቹን አሳቃቸው።

ለአንድ እፍኝ ፀጉር ብሎ ሳንባውን የሚሸጥ ደንቆሮ፣ አለች በልቧ። በሰው ፊት ልታዋርደው ቆረጠች። ጭንብሉን መንጭቃ አወለቀችና ከጠረጴዛው ላይ ጨርቅ አንስታ አፍንጫው ላይ ለጠፈችው።

«አሁንስ?»

«አሁንማ ሙዝ ነው» አለ ፈጠን ብሎ። «ጭንብል የለማ።»

የሳቀ ሰው አልነበረም። በንዴት ያነሳችው ጨርቅ የጄኔሬተሩን ናፍጣ የጠረገችበት ነበር፤ ሽታው በር ላይ የቆሙትን ሳይቀር አስነጥሷቸዋል።

ሌሎቹን አስወጣቻቸው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የማይሸትህ?»

ጢሞ መሬት መሬት አየ። «የመጀመሪያውን መጋዘን ስናጸዳ ጭንብል የሚሰጥ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ነው።» ጢሙን ነካ አደረገና «እላጨዋለሁ» አለ። «ዛሬውኑ እላጨዋለሁ።»

ይህን ቃል ከአፉ ለመስማት ስንቴ ተመኝታ ነበር። አሁን ግን አፈረች።

«መላጨቱ አያድንህም። ማጣሪያው ሲያልቅ መርዙ መግባቱን የሚነግርህ አፍንጫህ ነበር። አትገባም።»

ጓንቱን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ለእህትሽ ግን እንዳትነግሪያት» አለ። «ማታ ማታ ሕፃን ልጃችንን አንገቷ ሥር እስምና ‹ወተት ወተት ትሸታለች› እላታለሁ። ደስ ይላታል።»