የአናጺው ሰርቨር

ይኼ አናጺ የኔ ሚስት ጽሑፍ ሥር ካልሳቀ አይነጋለትም እንዴ? ገና «ደህና አደራችሁ» ብላ ስትለጥፍ ከተፍ የሚለው እሱ ነው። ጆሮው ላይ እርሳስ ሰክቶ የተነሳው ፎቶ ራሱ ያናድዳል። እሷም ስልኳን ይዛ በሳቅ ፍርስ ትላለች። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ስቀልድ ግን «እሺ፣ ዳቦውን አቀብለኝ» ነው መልሷ።

ቀናሁ፤ አዎ፣ እርር ድብን ነው ያልኩት! የምትጽፍበት ሰርቨር እኮ የኔ ነው፤ የራሳችን ትንሽ ፌስቡክ በሉት። ዕቃ ቤታችን ውስጥ፣ ከባልዲዎቹ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ሲያጉረመርም የሚውለው ኮምፒውተር። ዘመዱም ጎረቤቱም ተሰብስቦበታል፤ ስድብ የማጠፋው፣ ነገረኛውን የማስወጣው እኔ ነኝ። አናጺው ደግሞ የራሱን ሰርቨር ያስተዳድራል። ሁለቱ ሰርቨሮች ስለሚገናኙ ሰዎቻችን ከያሉበት ሳይነቃነቁ ይጨዋወታሉ።

በግል የሚጻጻፉትን ማንበብ እችል ነበር። አስተዳዳሪ ነኝ፣ ማን ይከለክለኛል? ግን የማንንም አላነብም ብዬ ቃል ገብቻለሁ፤ ቃሌን አላጥፍም። ስለዚህ የሰውዬውን ሰርቨር ከኛ ጋር እንዳይገናኝ እንዳለ ቆረጥኩት። ሲስተሙ ምክንያት ሲጠይቀኝ «ትንኮሳ» ብዬ ሞላሁ። እፎይ! ምሳዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

በማግስቱ ሚስቴ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ አላስቀመጠችም።

«ማነው የተተነኮሰው?»

«የምን?»

«ባክህ አትጃጃልብኝ። የተቆረጠ ሰርቨር ከነምክንያቱ ለሁሉም ይታይ ብለህ የደነገግከው አንተ ነህ። አየነዋ! ማን ተተነኮሰ?»

ወይ ጉዴ! ግልጽነት፣ ግልጽነት እያልኩ ስደሰኩር የከረምኩት ሰውዬ!

«አንቺ ነሻ!» አልኩ።

«እኔ? የእናቴን ወንበር እግር እንዴት እንደምጠግን ነው እኮ የሚያስረዳኝ! አንተን ስንቴ ለመንኩህ? ‹ቆይ ሰርቨሩን ልይ› እያልክ።»

«ታዲያ ወንበር ምኑ ያስቃል?»

«ሰውዬው ያስቃላ! መሳቅም ተከለከለ?»

ቀንቼ ነው ማለት ሞት ሆነብኝና «ሕግ ሕግ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ክፈተው» አለች ረጋ ብላ። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «አካውንቴን ወደሱ ሰርቨር ላዛውር ነው፤ ቆርጠኸው ሳለ አልችልም። ከቤት አልሄድም፣ አትደንግጥ። አንተ በምታዝበት ቦታ ግን ከእንግዲህ አልጽፍም።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። እኔ ካልከፈትኩ የትም አትሄድም። ፊቷን ሳየው ግን፣ እምቢ ብል የማጣት ከሰርቨሩ ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። ከፈትኩላት።

አንድ ሰው ሲዛወር፣ ሲከተሉት የነበሩት ሁሉ አዲሱን አካውንቱን እንዲከተሉ ሲስተሙ ራሱ በስማቸው ጥያቄ ይልካል። እኔም ከተከታዮቿ አንዱ ነኝ፤ የኔም ጥያቄ ሳልነካው ሄደ። እሷ ደግሞ አዲሱን አካውንቷን ቆልፋዋለች፤ እሷ ካልፈቀደች ማንም አይገባም። ለእህቴ ፈቀደች። ለጎረቤታችን ፈቀደች። ባለፈው በተሳዳቢነቱ ላስጠነቀቅኩት ለአጎቷ ልጅ እንኳ ፈቀደች። የኔ ስክሪን ላይ «ጥያቄዎ ፈቃድ በመጠባበቅ ላይ ነው» ይላል።

ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጣ ስልኳን ትነካካለች።

«የኔስ?» አልኳት።

«አይቼዋለሁ» አለች፣ ቀና እንኳ ሳትል።