የተጣለው ሳል

የሥራ ባልደረቦቹ «ጆሮ» ይሉታል። ወፍጮ ቤት አስገብታችሁት ትንኝ ብትበር ይሰማታል እያሉ ያሾፉበታል። ሥራው አሮጌ ካሴት ወደ ኮምፒውተር እያስገባ ድምፁን ማጽዳት ነው፤ የሰው ሠርግ፣ የሰው ንግግር፣ የሰው እናት። የገዛ አባቱ ድምፅ ያለበት ካሴት ግን ከቀብሩ ወዲህ ዓመት ሙሉ እናቱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እሱ ነው። ሐዘን ይሁን ስንፍና እሱም አያውቀው። አባቱን ከቀበረ ወዲህ ዕንባ ጠብ አላለውም። እንዲሁ ድንዝዝ እንዳለ ይበላል፣ ይሠራል፣ ይተኛል።

አንድ ቀን እናቱ ደወለች።

«ልጄ፣ የአባትህ ድምፅ ጠፋብኝ» አለችው። «መልኩ አለ፣ አረማመዱ አለ። ድምፁን ግን ብፈልግ ባስፈልግ የለም። አርባ ዓመት አብሬው ኖሬ! ምን ዓይነት ሴት ነኝ?»

«ካሴቱ አለ አይደል? እኔ አወጣልሻለሁ» አላት።

ካሴቱ ሻግቶ ነበር። ጠራርጎ በመከራ አንድ ጊዜ አጫወተው፤ መጨረሻው ላይ ክሩ ብጥስ አለ። ደግነቱ ኮምፒውተሩ ቀድቶታል። ቁልፍ ሠሪው አባቱ ቴፑን ገዝቶ የገባ ዕለት ሲሞክረው የተቀዳ ነው። ልጁ ሦስት ቀን ሙሉ አጸዳው። ሿ የሚለውን የክሩን ድምፅ፣ የወንበሩን ሲጥሲጥታ፣ ሳሉን፣ ለደንበኛ እንደሚያደርገው ሁሉ አንድ በአንድ ነቅሶ አወጣ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቱ ዘንድ ሄዶ ድምፅ ማጉያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ።

«አንድ፣ ሁለት። ይሄ ነገር የእውነት ይቀዳል፣ ወይስ እሱም እንደ ሻጩ ወሬ ብቻ ነው?» አለ ድምፁ፣ ጥርት ኩልል ብሎ።

እናቱ አንገቷን ደፍታ እስኪያልቅ ሰማች።

«ጥሩ ይናገራል» አለች። «የሬዲዮ ሰውዬ ነው?»

«እማዬ! አባዬ ነው እኮ።»

«ኧረ አታሹፍብኝ! አባትህ ሦስት ቃል ሳይስል ተናግሮ ያውቃል?»

ጉድ እኮ ነው፤ ሃያ ዓመት የሰው ድምፅ ሲያጸዳ የኖረ ሰው፣ አባቱን ከጉድፉ ጋር ጠርጎ ጥሎታል። ማፈር ነበረበት፤ ኀፍረቱም አልመጣለትም። ኮምፒውተሩ የወጣውን ሁሉ ለብቻው ያስቀምጣልና ያንን ከፈተው።

መጀመሪያ ሿ አለ። ወንበር ሲጥ አለ። ከዚያ ያ ደረቅ ሳል መጣ፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛው ላይ ትንፋሽ የሚያሳጥረው።

እናቱ ጉልበቷን ይዛ ተነሣችና ወደ ማድ ቤት ገባች። ቧንቧ ሲከፈት ሰማ። ሳሉ ሳያባራ ብርጭቆ ውሃ ጢም አድርጋ ሞልታ መጣች።

«መጣሁ፣ መጣሁ! ቀስ በል» እያለች።

ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ የባሏን ወንበር አየች። ባዶ ነው። ውሃው እጇ ላይ ፈሰሰ።

«እሱ ነው» አለች። «እሱ ራሱ ነው። ለማን ልስጠው እንግዲህ?»

ልጁ እጁን ዘረጋ።

«አምጪው» አላት።

ተቀብሎ ጠጣ። ዕንባው አሁንም የለም። የመጨረሻው ጉንጭ ግን አልወርድ ብሎ አነቀውና ሳለ። እናቱ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ብርጭቆውን ከእጁ ወስዳ ልትሞላለት ተመለሰች።