ያልተጠረገው መሰርሰሪያ

አባቴ የቤተ ክርስቲያን አትክልተኛ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ግቢ ያልገረዘው ቁጥቋጦ የለም፤ ከበሩ ፊት ለፊት ያለውን ትልቁን ዛፍ ግን መጋዝ አስነክቶት አያውቅም። «እሱ ራሱን ያውቃል» ይላል።

ያ ዛፍ አሁን እየደረቀ ነው። ያደረቅሁት እኔ ነኝ።

የተማርኩት የዛፍ በሽታ ነው፤ ስምንት ዓመት፣ ከቤት በጣም ርቄ። ስመለስ የሰፈሩ ሰው «የዛፍ ሐኪም መጣች፤ ምላስህን አውጣ ትለዋለች?» እያለ ሳቀብኝ። አባቴ አልሳቀም። እጄን ይዞ ትልቁ ዛፍ ሥር ወሰደኝ። «የመጀመሪያው ካህን የተከሉት ነው። ሦስት መቶ ዓመቱ ነው» አለኝ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት የት ለምዶብኝ!

«መለካት ይቻላል እኮ» አልኩት።

የዛፍ ዕድሜ የሚለካው ውስጡ ክፍት በሆነ መሰርሰሪያ ነው። በእጅ እየተጠመዘዘ ግንዱ ውስጥ ይገባና እርሳስ የምታክል ቀጭን እንጨት ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ እሷ ላይ ያሉትን የዓመት መስመሮች መቁጠር ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት በዚያው መሰርሰሪያ፣ አንድ ጋራዥ አጠገብ እየደረቀ ያለ የመንገድ ዛፍ ስመረምር ነበር። ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲኬድ ብረቱ በአልኮል ይጠረጋል፤ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል። ጠርሙሱ መኪናው ውስጥ ቀርቷል፤ መኪናው ደግሞ ከግቢው ውጭ ነው። አባቴ «ቶሎ በይ እንጂ፣ ደወል ሊደወል ነው» አለ። ብረቱን በሱሪዬ ጠረግሁና መሰርሰር ጀመርኩ።

መቶ አርባ ሁለት ዓመት። እየሳቅሁ ነው የነገርኩት። አባቴ ቀዳዳውን በሰም ደፈነና «መቶ አርባ ሁለትም ዕድሜ ነው» አለ።

ሁለት ዓመት አለፈ። ዘንድሮ ከቀዳዳው በላይ ያሉት ቅርንጫፎች ያለጊዜያቸው ቅጠላቸውን አራገፉ። ከቅርፊቱ ቁራጭ ወስጄ ላቦራቶሪ አስገባሁ። የተገኘው ፈንገስ የጋራዡን ዛፍ የገደለው ነው፤ በከተማው ሌላ ቦታ ታይቶ አያውቅም። የውጤቱን ወረቀት አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ሆድ ይፍጀው አልኩ።

አባቴ ምክንያቱን በሌላ በኩል አግኝቶት ነበር። ከታናሽ ወንድሙ ጋር ዘጠኝ ዓመት ተኮራርፈዋል፤ እናታቸው በታመመች ጊዜ ማን አስታመመ፣ ማን ሸሸ በሚል። «ቂም የያዘ እጅ የነካው ይደርቃል» ብሎ ካህኑ ዘንድ ሄዶ ተናዘዘ። ከዛፉ ሥር ተንበርክኮ አርባ ቀን እንዲጸልይ ተነገረው። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። በዚያው ቀን ሄዶ የወንድሙን በር አንኳኳ፤ አጎቴ አቅፎት አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሽማግሌዎች በየማለዳው ባልዲ ተሸክመው ዛፉን ያጠጣሉ።

መሥሪያ ቤቴ ከአጥሩ ማዶ ነው። በመስኮት አያቸዋለሁ። አሁን ብናገር እርቁን አፈርሳለሁ እላለሁ ለራሴ። መልካም ምክንያት ነበር፤ ፍርሃቴን ደህና አድርጎ ሸፈነልኝ። አምላክ ሰውን በዛፍ በሽታ ይቀጣል ብዬ አላምንም፤ ምን እንደማምንም እርግጠኛ መሆን ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ግን አባቴም እንደ እኔ ምክንያት ነው የፈለገው፤ ሲፈልግ ከራሱ ጀመረ። እኔ ሁሉን መርምሬ ራሴ ጋ የደረስኩት መጨረሻ ላይ ነው።

በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ወደ ግቢው ስገባ አባቴ መሰላል ላይ ቆሟል፤ የደረቀውን ሊቆርጥ መጋዝ ይዟል። አጎቴ መሰላሉን ደግፎለታል።

«ይሄን ስጨርስ እነዚያንም አስተካክላቸዋለሁ» አለ አባቴ፣ በአጥሩ ጥግ ወደተተከሉት ሰባት ዛፎች እያመለከተ።

ሰባቱም ጤነኞች ናቸው።

«አባዬ፣ መጋዙን በአልኮል ሳትጠርግ እነዚያን እንዳትነካ» አልኩ። ጠርሙሱ አሁን ከቦርሳዬ አይለይም።

«ዶክተር መጣች!» አለ አጎቴ። «መጋዝንም መርፌ ትወጊያለሽ እንዴ?»

«በሽታው በመሣሪያ ይተላለፋል።»

እዚያ ላይ ባቆም ይበቃ ነበር። ሰባቱ ዛፎች ይተርፋሉ፤ እኔም እተርፋለሁ። አባቴ ግን ነገር ሳያላምጥ አይውጥም።

«ይሄን ዛፍ እኔ እስከ ዛሬ በመሣሪያ ነክቼው አላውቅም» አለ ቀስ ብሎ። «ታዲያ በምን ገባ?»

ዓይኑ ወደ ታች ወረደ፤ ሰም የደፈነው ቀዳዳ ላይ አረፈ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

ከቦርሳዬ ወረቀቱን አወጣሁ። «እኔ ነኝ» አልኩ። «ብረቱን ሳልጠርግ ነው የሰረሰርኩት። ያንተ ቂም አይደለም።»

መጀመሪያ የተናገረው አጎቴ ነው። «ታዲያ ይቅርታህን ልመልስልህ?» አለው ወንድሙን።

«እሱን እዚያው ያዘው» አለ አባቴ። አልሳቀም። «ወረቀቱ መቼ መጣ?»

«የተንበረከክህ ቀን። የመጀመሪያው ቀን።»

«ይህን ሁሉ ቀን ስንበረከክ እያየሽ?»

«እያየሁ።»

አባቴ ወደ ቅርንጫፎቹ ዞረ። አንድ ቅርንጫፍ ቆረጠና መጋዙን ወደ ታች ዘረጋልኝ። «ጥረጊው።» ጠረግሁት። ሌላ ቆረጠ። «ጥረጊው።» በአንድ ዛፍ ላይ በየቁርጡ መጥረግ አያስፈልግም፤ ይህን ግን አልነገርኩትም። የተቆረጠው ሁሉ መሃሉ ጠቁሯል። ወደ ግንዱ እየተጠጋ ቆረጠ፤ ጥቁረቱ አልቀረም።

«ይድናል?» አለኝ አጎቴ።

«አይመስለኝም።»

ደወል ተደወለ። አባቴ አንድ አንድ እያለ መሰላሉን ወረደ፤ ጉልበቱን በሁለት እጁ ደግፎ ከዛፉ ሥር ተንበረከከ።

«ተው እንጂ አንተ!» አለው አጎቴ። «አልሰማሃትም? አይድንም እኮ ነው የምትልህ።»

«የዛፉንማ ነገረችን» አለ አባቴ ዓይኑን እንደጨፈነ። «ገና ሠላሳ ቀን ይቀረኛል።»

መጋዙ እጄ ላይ ቀርቷል። ንጹሕ ነበር። እንደገና ጠረግሁት።