አፈር የነካ ጣት

ጉንዳን እያልን የምንጠራት የተማሪዬ አባት ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ማንበብ ስለማይችል የልጁን ደብተር አያገላብጥም፤ ከሥራ ሲመለስ ጣቶቿን ነው የሚያየው። ቀለም ካለባቸው ተምራለች፣ ከሌለባቸው ስትጫወት ውላለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። አንዳንድ ቀን ቤት ከመግባቷ በፊት ጣቷን በእስክሪብቶ ትሞነጫጭር ነበር።

የአራተኛ ክፍልን ሂሳብ ወደ ጓሮ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ልጆቹ ክፍልፋይን በቃላቸው ያንበለብሉታል፤ አንድ የጎመን መደብ ለሦስት አካፍሉ ሲባሉ ግን እርስ በርስ ይተያያሉ። ስለዚህ መደብ አስለካኋቸው፤ ልጣጭና ቅጠል አከማችተው ብስባሽ እንዲያዘጋጁ፣ ሙቀቱንም በቴርሞሜትር እንዲያነቡ አደረግሁ። ርዕሰ መምህሩ «ግብርና ሚኒስቴር አቋቋምሽ» እያለ ይቀልድብኛል። ጉንዳን ግን ብስባሹ ከውስጥ ለምን እንደሚሞቅ ካላወቅሁ ብላ ክንዷን እስከ ክርኗ ትከት ነበር።

አንድ ጠዋት አባቷ አካፋውን እንደያዘ ክፍሉ በር ላይ ቆመ።

«መምህርት፣ የልጄ ጥፍር ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«አፈር ነው፣ ጋሼ። በተግባር ነው የምናስተምረው። በእጁ የሠራ ልጅ አይረሳም።»

«እኔም ዕድሜ ልኬን በተግባር ተምሬያለሁ። ምን ሆንኩ?»

ልጆቹ ሳቁ። እሱ አልሳቀም። እኔ ደግሞ ክፍለ ጊዜዬ እያለቀ ነበር።

«ይህ ስለ አካባቢ ጥበቃ ነው፣ እርስዎ አይገባዎትም» አልኩት።

«እኔ ጉድጓድ የምወርደው እሷ እንዳትወርድ ነው» አለ። «ቁፋሮ ከሆነማ ከእኔ የተሻለ አስተማሪ አታገኝም። ጉንዳኔ፣ ቦርሳሽን ያዢ።»

«የቴርሞሜትሩ ተራ ዛሬ የኔ ነበር እኮ» አለች። ወደ እኔ እንጂ ወደ እሱ አላየችም።

ሌላ ትምህርት ቤት ወሰዳት፤ ሞልቷል፣ በሚቀጥለው ዓመት ተመለስ አሉት። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ወደ እኛ አልመለሳትም። ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩት።

«ጓሮ አትወጣም፣ ጋሼ። እሷ ክፍል ቁጭ ብላ ትጽፋለች።»

«የሌላው ልጅ ይቆፍርና የኔ ትጻፍ? አይሆንም» አለኝ።

እንደመጣሁ ተመለስኩ።

ቆይቶ፣ በአንድ ጅምር ሕንፃ ጀርባ ሳልፍ አየኋት። አባቷ ከታች ይቆፍራል፤ እሷ ከአፋፉ ቆማ በገመድ የአፈር ባልዲ ትስባለች። መዳፏን በጨርቅ ጠምጥማዋለች። ስሟን ጠራሁ።

«ቲቸር፣ አሁን አታናግሪኝ» አለች ዓይኗን ከገመዱ ሳትነቅል። «ሐሳቤ ከተሰረቀ ባልዲው አባዬ ላይ ይወድቃል።»

ባልዲው ወጣ፣ ተደፋ፣ ተመልሶ ወረደ።

«ማነው እሱ?» አለ አባቷ ከጉድጓዱ ውስጥ።

«መንገደኛ ናት፣ አባዬ» አለችና ገመዱን አጠበቀች።